የሸክላው፣ የካሴቱና የአዝማሪው ድምፅ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን የሚሻገረውና ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን በመካከሉ ያገኛቸዋል። በርበሬና ጤፍ በዚህ መንገድ ወደ ዋና ከተማው ሲጫን፣ ጋዜጣና የባትሪ ድንጋይ፣ ሸክላና ካሴት ደግሞ በመመለሻው ይመጣ ነበር። ለሥራ የተመደበው መምህር፣ የጤና ረዳቱና የእርሻ ባለሙያው የደመወዛቸውን ቁጣሪ አጠራቅመው ከሚገዟቸው የቤት ዕቃዎች መካከል የሙዚቃ ማጫወቻ የመጀመሪያውን ስፍራ ይይዝ እንደ ነበር የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው። ሰው በቤቱ ተቀምጦ የሚሰማው ሙዚቃ በሠርግ ዳስና በጠላ ቤት በዓይኑ እያየ ከሚሰማው ጋር ጎን ለጎን ሲመዘን ምን እንደሚገኝ፣ ምንስ እንደሚጎድል መመርመር የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

የሸክላው ዘመን በአገራችን አጭር ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት በአገር ፍቅር እጅ ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ አምሃ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ ያን ክልከላ ተጋፍቶ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን ማሳተሚያ አቋቋመ። በአገር ውስጥ የማተሚያ ፋብሪካ ስላልነበረ የተቀረጸው ድምፅ የመጀመሪያው ወደ ሕንድ ተልኮ ታትሞ ይመለስ ነበር። አምሃ እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ለቆ እስኪሄድ ድረስ ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎችን አሳትሟል። እርሱን ተከትሎም አሊ አብደላ ካይፋ በዚሁ ሥራ ተሠማራ። የጥላሁን ገሠሠ፣ የብዙነሽ በቀለና የማሕሙድ አሕመድ ድምፅ እስከ ክፍለ ሀገር ከተሞች የዘለቀው በእነዚህ ሰዎች ድፍረት ጭምር ነው።

ትንሿ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ የምትዞር፣ በአንድ ገጽ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ የምትይዝ ናት። ለፈጣን ዘፈን ይህ ይበቃል፤ ለትዝታ ግን አይበቃም። ትዝታ የሚጣደፍ ቅኝት አይደለምና። ረዘም ያለው ዘፈን ለሁለት ሲከፈል አድማጩ ተነሥቶ ሸክላውን እስኪገለብጥ ድረስ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ያቺን አፍታ ከዘፈኑ እንደ አንድ ክፍል አድርገው የለመዷት አድማጮች አሉ። ስለ ስቴሪዮውም አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍ። ሁለት ድምፅ ማጉያ በግራና በቀኝ አቁሞ መሐል መቀመጥ የዘመናዊነት ምልክት ተደርጎ ቢታይም፣ አብዛኞቹ የዚያ ዘመን ቀረጻዎች ባንድ መሥመር የተቀረጹ በመሆናቸው ከሁለቱም ማጉያ የሚወጣው ድምፅ አንድ ዓይነት ነበር። ባለቤቱ ግን ልዩነቱን እንደሚሰማው ለእንግዶቹ በኩራት ይገልጽ ነበር።

ለቤት የሚስማማው ሙዚቃ የትኛው ነው? የነፋስ መሣሪያዎች የበዙበት የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፅ ለአዳራሽ የተሠራ ነው፤ በጠባብ ክፍል ሲሰማ ይታፈናል። ክራር ግን ከመነሻዋ የቤት መሣሪያ ናት። ካሳ ተሰማ፣ አስናቀች ወርቁና ሜሪ አርምዴ በክራራቸው የተጫወቱትን በምሽት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መስማት ሰዎቹን በአጠገብ ያስቀምጣቸዋል። በገና ደግሞ ማጫወቻውን ይፈትነዋል። ዐሥሩ አውታሮች የሚያርገበግቡት ያ ወፍራም ድምፅ አውታሩና ድልድዩ መካከል ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ የሚመነጭ ነው፤ ደካማ ማጉያ ይህን ድምፅ የተበላሸ ዕቃ ጩኸት ያስመስለዋል። የዓለሙ አጋን በገና በዐቢይ ጾም በጥሩ ማጫወቻ የሰማ ሰው ግን ሌላ ዕቃ አይመኝም።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የሰዓት እላፊ ዐዋጅ በተለይ የአዲስ አበባን የሌሊት ሕይወት ለረጅም ዓመታት ዘጋው። በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ፤ ጎንደር ፋሲለደስን፣ ወሎ ላሊበላን፣ ጎጃም ግሽ ዓባይን አወጡ። ስለ መድረኩ መፈክር የሚባለው ምንም ይሁን ምን፣ የገጠሩ ዘፈንና እስክስታ ከነአጨፋፈሩ ወደ አዳራሽ የገባው በእነርሱ በኩል መሆኑ አይካድም። ሸክላውም በዚያው ዘመን ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። ካሴት እ.ኤ.አ. በ1963 በፊሊፕስ የወጣ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ መብራት ወዳልደረሰበት ቀበሌም የሚዘልቅ ዕቃ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ካሴት ይቀርጻል። ሸክላ አድማጩን ተቀባይ ብቻ አድርጎት ነበር፤ ካሴት የቤቱን ባለቤት ቀራጭ አደረገው።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በምዕራብ ጎጃም ሠርግ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሲገባ፣ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ያንኑ በዜማ መልሶ ይጨምርበታል። ቅኔ በሚወደድበት አገር ሰምና ወርቁ የተደራረበው ስንኝ ከገበሬ አፍ ቢወጣ የሚደነቅ አይደለም። በዚያ ምሽት ከማሲንቆው ጎን ቴፕ ከተቀመጠ የተቀረጸው የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ የአዝማሪው፣ የስንኝ ሰጪውና የእልልታው ነው። ይህ ሙዚቃ ማሳተሚያ ቤት አልደረሰም፤ በብዙ ቤት ያለው ቅጂም አንድ ብቻ ነው።

ያም ቅጂ እያረጀ ነው። የካሴት ጥብጣብ ወርዱ ከአራት ሚሊሜትር ያነሰ፣ በሰከንድ አምስት ሴንቲሜትር እንኳ የማይሞላ ፍጥነት የሚሄድ ቀጭን ነገር ነው። ድምፁን የያዘውን ዱቄት ከጥብጣቡ ጋር ያጣበቀው ሙጫ እርጥበት ሲያገኘው ይላላል። ሠርግ ረጅም ነውና ብዙ ሰው 90 ደቂቃ የሚይዘውን ይመርጥ ነበር፤ እርሱ ደግሞ ከ60ው ይልቅ ስስ በመሆኑ ቶሎ ይሳባል፣ ይጠመጠማል። ለዓመታት ያልተከፈተ ካሴት ከመሰማቱ በፊት ከዳር እስከ ዳር በዝግታ ቢጠቀለል፣ የማጫወቻውም ራስ በአልኮል ቢጠረግ፣ ወደ ኮምፒዩተርም የሚገለበጠው በመጀመሪያው መሰማት ጊዜ ቢሆን ይመረጣል፤ ሁለተኛ ዕድል ላይኖር ይችላልና።

ግልበጣው ግን የዕቃ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410 ለከዋኝም መብት ይሰጣል። አዝማሪው በዚያ ምሽት የተከፈለው ለምሽቱ ነው እንጂ ድምፁ በአደባባይ እንዲበተን አይደለም። በስንኙ ውስጥ የተወደሰ ቤተሰብ፣ በሽሙጥ የተነካ ጎረቤትም ይኖራል፤ የእነርሱም ፈቃድ ይጠየቃል።

በካሴቱ ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነበበው የሙሽራው ስምና ዓመተ ምሕረቱ ነው። አዝማሪው ሌሊቱን ሙሉ የባለ ሠርጉን ስም እየጠራ ሲያወድስ፣ የእርሱን ስም የሚጠራ፣ የሚጽፍም አልነበረም። ያን ስም ዛሬ ሊናገሩ የሚችሉት በዳሱ ውስጥ ተቀምጠው የነበሩት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው።