የተመን ሉህና የፋንክሽን ግራፍ አሳሳል



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ይኸውም የተመን ሉህ፥ በተለምዶ ስፕሬድሽት የምንለው የኮምፒዩተር መሣሪያ፥ ስለሚስለው የፋንክሽን ግራፍ ነው።

ይህ መሣሪያ ለሒሳብ መምህር ተብሎ አልተሠራም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክን ሲያወጡ ያሰቡት የነጋዴውን ሒሳብ ነበረ። ዛሬ ግን ተማሪው በአንዱ ዓምድ የኤክስን ዋጋዎች ይደረድራል፤ በሁለተኛው ፎርሙላውን አንድ ጊዜ ጽፎ ወደ ታች ይጎትታል፤ ግራፉም ወዲያው ይወጣል። አደጋው የሚጀምረውም ከዚሁ ፍጥነት ነው።

እኔ በማስተምርበት ማሠልጠኛ ለሠልጣኞቼ የበረት ጥያቄ ሰጥቻቸው ነበር። 40 ሜትር አጥር ቢኖረን፥ ባለ አራት ማዕዘኑ በረት ከሁሉ የሚሰፋው መቼ ነው? ወርዱ ኤክስ ቢሆን ርዝመቱ 20 ሲቀነስ ኤክስ ይሆናል፤ ስፋቱም የሁለቱ ብዜት ነው። ሠልጣኞቹ ከ0 እስከ 20 በ4 በ4 እየዘለሉ ሞሉት። 0፣ 64፣ 96፣ 96፣ 64፣ 0 ወጣ፤ የግራፉም አናት እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ሆነ። «ትልቁ ስፋት 96 ነው» ብለው ጻፉ። እኔም፥ እያፈርሁ እናገራለሁ፥ የትክክል ምልክት አደረግሁላቸው።

ስህተቱን ያወጣው ከኡራን፥ በኬንያ በኩል ካለው የሞያሌ ከብት አርቢ አገር፥ የመጣ ሠልጣኝ ነው። «መምህር፥ ጎኖቹን ሁሉ 10 ብናደርጋቸው 100 ይሆን የለምን?» አለኝ። መሣሪያው አልዋሸም፤ የሰጠነውን ስድስት ነጥብ ተቀብሎ በቀጥታ መስመር አያያዘልን እንጂ።

አንድ ሲካፈል ለኤክስ የከፋ ነው። ከ2.25 ኔጌቲቭ ተነሥተን በ0.5 ብንዘል ዜሮን ከቶ አንነካም፤ ስለዚህ መሣሪያው የ4 ኔጌቲቭን ነጥብ ከ4 ጋር ያገናኝና ፋንክሽኑ በሌለበት ቦታ፥ በዜሮ ላይ፥ መስመር ያሳልፋል። ይህን ያየ ተማሪ ስለ አሲምፕቶት የነገርነውን ለምን ያምናል? በኤክሴል ከኤክስ ካሬ ፊት የመቀነስ ምልክት ብናስቀድም ደግሞ ምልክቱም አብሮ ካሬ ይሆናልና፥ ወደ ታች መከፈት የሚገባው ፓራቦላ ወደ ላይ ይከፈታል፤ ቅንፍ ያስፈልገዋል። ሳይንም ማዕዘኑን በዲግሪ ሳይሆን በራዲያን ይቆጥራል።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተሩ ከመከፈቱ በፊት ሠልጣኙ ግራፉን በእርሳስ ይነድፋል፤ የት እንደሚያቋርጥ፥ የት እንደሚቋረጥ ይጽፋል። ቀጥሎም በመሣሪያው ይስላል፤ እርምጃውን በግማሽ ቀንሶ እንደገና ይስላል። ሁለቱ ሥዕሎች ካልተስማሙ ምክንያቱን ያስረዳል። ከ10 ማርክ 4ቱን የምሰጠው ለዚህ ማስረጃ ነው፤ የፈተና አዘጋጆችም ይህን እንድታስቡበት እለምናለሁ፤ እነዚህ ሠልጣኞች በሚቀጥለው ዓመት በየክፍላቸው ብቻቸውን ይቆማሉና።