አፍንጫ ውስጥ ስለሚያድግ የአጥንት ዕጢ

(ለዕድራችን ጠቅላላ ጉባዔ የተደረገ ንግግር)



ዕድራችን የሚሰበሰበው ለለቅሶ ብቻ እንዳይሆን ብለን በየዓመቱ ስለ ጤና እንነጋገራለን። የዛሬው ርእስ ብዙ ሰው የማይገጥመው ነው። የገጠመው ግን «ዕጢ» የሚለውን ቃል እንደ ሰማ ነቀርሳ ነው ብሎ ከሐኪም ስለሚሸሽ ልንናገርበት ወደድን።

በሰፈራችን አፍንጫ በታፈነ ቁጥር «ሳይነስ ነው» እንላለን። በባሕር ዛፍ እንታጠናለን፣ ዳማ ከሴ እናሸታለን፣ ጠብታ እንገዛለን። ሁለቱም ቀዳዳ ታፍኖ በሳምንት የሚለቅ ከሆነ፣ እውነትም ጉንፋን ነው። አንዱ ብቻ ለወራት ከታፈነ፣ በዚያው በኩል ከደማ ወይም ዓይን ወደ ውጭ ከገፋ ግን በእንፋሎት የሚመለስ አይደለምና ከአንገት በላይ ሐኪም ይየው።

ሐኪሙ ከሚያገኛቸው ነገሮች አንዱ፣ ብርቅ ቢሆንም፣ ኦስቲዮማ የሚባለው የአጥንት ዕጢ ነው። አንዳንዱ እንደ ዝሆን ጥርስ የጠጠረ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በግንባር አጥንት ውስጥ ባለው ባዶ ክፍል ሲሆን በአፍንጫው ቀዳዳ ውስጥ እምብዛም አይታይም። ነቀርሳ አይደለም፤ ወደ ሌላ አካልም አይዛመትም። ብዙውን ጊዜ በዓመት የሚያድገው አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ስለሆነ ስንቱ ሰው ሳያውቀው ይኖራል፤ በሌላ ምክንያት ሲቲ ስካን ሲነሣ ድንገት ይታያል። ታዲያ ሐኪሙ «እንከታተለው» ሲል «መድኃኒት እንኳ ሳይጽፍልኝ!» ብለን እንቆጣለን። ያላስቸገረ ኦስቲዮማ ሕክምናው መከታተል ነው።

ካስቸገረ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ቀድሞ ፊት ይቀደድ ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) በኦስትሪያ፣ ግራትስ ከተማ፣ ፕሮፌሰር ሜሰርክሊንገር ባስፋፉት ዘዴ ኢንዶስኮፕ በአፍንጫ ቀዳዳ ይገባል፤ ሐኪሙ የአጥንቱን መኻል ፈልፍሎ ቅርፊቱን በጥንቃቄ ያወጣል። ጥንቃቄው ወዲያ ዓይን፣ ወዲህ አንጎል ጎረቤት ስለሆኑ ነው። በጣም የተለቀውን ዛሬም በውጭ መክፈት ሊያስፈልግ ይችላል።

ፋይብረስ ዲስፕሌዥያ የሚባል ሌላም አለ። አጥንቱ በለስላሳ ነገር ይተካል፤ ብዙውን ጊዜ ከጉርምስና በኋላ እድገቱ ይገታል። ይህንን በጨረር ማከም አይገባም፤ ጨረሩ ወደ ነቀርሳ ሊለውጠው ይችላልና።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንናገር። በአንድ ሰው መንጋጋና ራስ ላይ ብዙ የአጥንት እብጠት ከታየ፣ በቤተሰቡም የአንጀት ነቀርሳ የያዘው ካለ፣ ጋርድነር የሚባለው በዘር የሚተላለፍ በሽታ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የሚገድለው አጥንቱ አይደለም፤ አንጀት ውስጥ የሚፈሉት ትናንሽ እብጠቶች ካልታከሙ ነቀርሳ ይሆናሉ። ኧረ እባካችሁ፣ «አባቴ በሆድ ሕመም ነው የሞተው» ማለት ነውር የለበትም፤ ለሐኪሙ ንገሩት።

የተነሣችሁትንም የሲቲ ፊልም ከዕድር ደብተራችሁ ጋር አስቀምጡት። ዕጢው ማደጉ የሚታወቀው የአምናው ከዘንድሮው ጋር ሲተያይ ነው።