የደም ምርምራችንን ለመጽሔት ስለ መላክ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፥ አንድ ሰው ስለ ደም በሽታ ያጠናውን ጽፎ ለሕክምና መጽሔት እንዴት ይልካል የሚል ነው። ለብዙዎቻችሁ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገሩ ደብዳቤ ፖስታ ቤት እንደ መጣል ቢሆን ኖሮ እዚህ አዳራሽ መሰብሰብ ባላስፈለገን ነበር። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የሕሊና ጉዳይ ነው ብዬ ስለማምን፥ ጥቂት ደቂቃ እንድትታገሡኝ እለምናችኋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። የዚህን አባባል እውነትነት ከደም ሕክምና ታሪክ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። በ1904 መጨረሻ ላይ ከግሬናዳ ደሴት የመጣ፥ በቺካጎ ከተማ የጥርስ ሕክምና የሚማር የሃያ ዓመት ወጣት ታሞ ሆስፒታል ገባ። እንደኛው ተማሪ ነበር። ኧርነስት አይረንስ የሚባል ተለማማጅ ሐኪም የወጣቱን ደም በማይክሮስኮፕ ቢመለከት፥ ክብ መሆን የሚገባቸው ቀይ የደም ሴሎች ቀጥነውና ጐብጠው ማጭድ መስለው አገኛቸው። አለቃው ዶክተር ጄምስ ሔሪክ በሽተኛውን ከሁለት ዓመት በላይ ተከታተሉት፤ በ1910ም ያዩትን ጽፈው በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙ።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ዶክተር ሔሪክ በሽታው ምን እንደ ሆነ አያውቁም ነበር። አለማወቃቸውንም አልሸሸጉም። ያዩትን በቅደም ተከተል ጽፈው፥ የሴሎቹን ፎቶግራፍ ጨምረው፥ ፍርዱን ለአንባቢ ተዉት። ይህን ያነበቡ ሌሎች ሐኪሞች በበኩላቸው ያጋጠሟቸውን በሽተኞች ጻፉ። በ1922 በሽታው ዛሬ የምናውቀውን ሲክል ሴል አኒሚያ የሚለውን ስም አገኘ። በ1949 ሊነስ ፖሊንግና የሥራ ጓደኞቹ የበሽተኞቹ ሄሞግሎቢን ከጤነኛ ሰው ሄሞግሎቢን የተለየ መሆኑን አሳዩ። በ1957 ደግሞ ቨርነን ኢንግራም ልዩነቱ በፕሮቲኑ ሰንሰለት ውስጥ የአንዲት አሚኖ አሲድ መለወጥ መሆኑን ገለጠ። ይህ ሁሉ የተያያዘው ከአንድ በሽተኛና ከአንድ ጽሑፍ ነው። አይረንስ ያየውን አይቶ ዝም ቢል፥ ወይም ሔሪክ «ምክንያቱን ሳላውቅ አልጽፍም» ቢሉ ኖሮ፥ ነገሩ ስንት ዓመት ተቀብሮ ይቀር እንደ ነበር ማን ይናገራል?

ይሁን እንጂ ያ ጽሑፍ ሌላም ትምህርት አለው። ማጭዱን በመጀመሪያ ያየው አይረንስ ሲሆን፥ በጽሑፉ ራስ ላይ የሰፈረው የሔሪክ ስም ብቻ ነው። የዘመኑ ልማድ ይህ ነበርና በሰውየው ላይ አልፈርድም። የዛሬዎቹ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ግን በጋራ የተስማሙበት ደንብ አላቸው። ይኸውም፥ ስሙ በጽሑፍ ራስ ላይ የሚገባ ሰው በጥናቱ አሳብ ወይም በመረጃው ሥራ በእርግጥ የደከመ፥ ረቂቁን በመጻፍ ወይም በማረም የተካፈለ፥ የመጨረሻውን ጽሑፍ አይቶ የፈቀደ፥ ለሚጠየቀውም ሁሉ መልስ ሊሰጥ የተዘጋጀ መሆን አለበት። አራቱም መሟላት አለባቸው። እንግዲህ የክፍሉ አለቃ ስለ ሆነ ብቻ ስሙ የሚጨመር ሰው፥ ሌሊቱን ሙሉ ደም ሲቈጥር አድሮ ስሙ የሚረሳ ተማሪም ሁለቱም ከደንቡ ውጭ ናቸው። ይህን ስናገር መምህራኖቼን ለመድፈር አይደለም፤ እኛም ነገ አለቆች እንሆናለንና ነው።

«የሠለጠኑት አገሮች ጽፈውት የለምን? እኛ ምን እንጨምራለን?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው፤ የእኛን ደም በእኛ ፈንታ አልጻፉትም። በዓለም የጤና ድርጅት መለኪያ መሠረት በዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ለወንድ ከ13 ግራም፥ ላልፀነሰች ሴት ከ12 ግራም ካነሰ የደም ማነስ ይባላል። ከባሕር ወለል ከፍ ባለ አገር ለሚኖር ሰው ደግሞ መለኪያው ከፍ እንዲል ይታዘዛል፤ ደጋ ላይ አየሩ ስለሚሣሣ ሰውነት ብዙ ሄሞግሎቢን ይሠራል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች እንዲህ ናቸው። ነገር ግን በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በስሜን ተራሮች በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምሮ፥ የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፥ የሴቶቹ 15.0 ግራም መሆኑን አገኘ። ይህ በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው እምብዛም የማይለይ ነው። የጥናቱ መሪ አሜሪካዊት ተመራማሪ ሲንቲያ ቢል ናቸው፤ ልናመሰግናቸው ይገባል። ሆኖም የስሜን ደገኛ ደም እንደ አንዲስ ሰው ደም አለመሆኑን እስኪጻፍልን ድረስ መጠበቃችን ሊያስቈጨን አይገባምን? አንዲት የደጋ እናት ጤነኛ ናት ወይስ ታማለች የሚለውን ፍርድ የሚሰጠው መለኪያ የሚሠራው በመጽሔት ላይ ከታተመ ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ ከሌለ መለኪያው የሌላ ሰው ይሆናል።

አሁን ወደ አላላኩ ልመለስ። በመጀመሪያ መጽሔቱን ምረጡ። ዊሊያም ዳምሼክ በ1946 የመሠረቱት «ብለድ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የደም በሽታ ብቻ የሚታተምበት ነው፤ በአገራችንም የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ከ1962 ጀምሮ ይታተማል። ለደራስያን የወጣውን መመሪያ ከመጻፋችሁ በፊት አንብቡ። አንድን ረቂቅ ለሁለት መጽሔት በአንድ ጊዜ መላክ ክልክል ነው። ጥናቱ ሳይጀመር የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፥ ደም የሰጠውም ሰው ስምምነት ሊኖር ይገባል፤ የበሽተኛው ስምም ሆነ ማንነቱን የሚገልጥ ነገር አይጻፍም። በአሠራር ክፍል ውስጥ ደሙ ከጣት ነው ወይስ ከደም ሥር የተወሰደው? በምን መሣሪያ ተለካ? ቦታው ስንት ሜትር ከፍታ ነው? የሚሉት ሁሉ ይመለሱ። ሌላ ሰው ጽሑፋችሁን ይዞ ሥራውን እንደ ገና መሥራት ካልቻለ፥ የጻፋችሁት ወሬ እንጂ ጥናት አይደለም።

አዘጋጁ ረቂቁን ከተቀበለው በኋላ በሙያው ለሚያውቁ ገምጋሚዎች ይልከዋል። ለሚሰጡት ትችት ነጥብ በነጥብ መልስ ይሰጣል፤ በቍጣ አይደለም። ደግሞም በኢንተርኔት ደብዳቤ እየላኩ «በሳምንት ውስጥ እናትምላችኋለን፤ ገንዘብ ብቻ ክፈሉ» ከሚሉ ስመ መጽሔቶች ተጠበቁ። ከሐቀኞቹ መካከልም የማተሚያ ዋጋ የሚያስከፍሉ አሉ፤ ልዩነቱ ሳይመረምር የሚያትም ገንዘባችሁን እንጂ ጽሑፋችሁን አለመፈለጉ ነው።

የተመለሰ ረቂቅ የሞተ ረቂቅ አይደለም። ጃኔት ራውሊ በደም ካንሰር በሽተኞች ሴሎች ውስጥ ሁለት ክሮሞሶሞች ቁራጭ እንደሚለዋወጡ ባገኙ ጊዜ፥ የመጀመሪያውን ጽሑፋቸውን አንድ ትልቅ መጽሔት መለሰባቸው። በ1973 በአንድ የፈረንሳይ መጽሔት አሳተሙት። በዚያው ዓመት ስለ ሌላ ዓይነት የደም ካንሰር የጻፉት፥ ኢማቲኒብ ለተባለው በ2001 ለተፈቀደው መድኃኒት ከተነጠፉት መሠረቶች አንዱ ሆነ።

በመጨረሻ፥ ለመናገር ያፈርኩበትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት የደም ማነስን በሚያጠና ቡድን ውስጥ መዝገብ እጽፍ ነበር። ረቂቁ ለመጽሔት ከተላከ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ስገለብጥ፥ ለሁለተኛ ጊዜ የመጡ አንዳንድ ሰዎች እንደ አዲስ ሰው ተቈጥረው አገኘሁ። የቈጠርኋቸው እኔ ነበርሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ገምጋሚዎቹ የሚያዩት ሠንጠረዡን እንጂ ደብተራችንን አይደለም፤ ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። በማግስቱ ደብተሩን ይዤ ወደ አስተማሪዬ ሄድሁ። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «በል ወንበር ሳብ» አሉኝና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን አብረን ቈጠርን። ለአዘጋጁ ጽፈው ረቂቁን አስመለሱት። የታረመው ውጤት ከፊተኛው ደከም ያለ ነው፤ ጽሑፉም እስከ ዛሬ አልታተመም። ስሜ በመጽሔት ሊወጣ ነው ብዬ ለቤተ ሰቤ ነግሬ ስለ ነበር፥ እናቴ ስልክ በደወልሁ ቍጥር «ምነው፥ ወጣ?» ትለኛለች። «ገና ነው እማዬ» እላታለሁ።

ያ ሐሰተኛ ቍጥር ታትሞ ቢሆን ኖሮ ግን አንድ ሐኪም አንብቦት በአንዲት እናት ላይ ይፈርድበት ነበር። ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ተሰብስበን፥ ሊላክ የተዘጋጀውን ረቂቅ በጥናቱ ያልተካፈለ ተማሪ ከደብተሩ ጋር እያስተያየ ያንብበው። መምህራንም እንዲያግዙን በትሕትና እንለምናለን። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጠረጴዛና ትዕግሥት ይበቃል። የመጀመሪያውን ደብተር እኔ አቀርባለሁ።