በለቅሶ ቤት የሰው እምነት አይዘበትበትም
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



  የሂሳቡ ሪፖርት ተሰምቷል፤ የድንኳኑ፣ የወንበሩና የድስቱ ነገርም ተነግሯል። እኛ ዛሬ የምንናገረው በንብረት መዝገብ ስለማይገባ፣ ገንዘብ ያዣችንም ስለማይቆጥሩት ነገር ነው። ስለ አፋችን ነው፤ በተለይም ሰው በሃይማኖቱ ስለሚቀለድበትና ስለሚዘበትበት።

«ይህ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ጉዳይ ነው እንጂ ለእድር ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው። ጥሩምባው ሲነፋ ሟቹ የማን ልጅ እንደሆነ ይነገራል እንጂ በየትኛው ሃይማኖት እንደጸለየ ተጠይቆ አይወጣም። በመካከላችን ታቦት የሚያነግሥ አለ፤ ጁምዓ የሚሰግድ አለ፤ እሑድ በጸሎት ቤቱ የሚዘምር አለ። መዋጮው ግን አንድ ነው፤ ቀሪም ቅጣቱ አንድ ነው። እንግዲህ በእኩል ከፍሎ፣ በእኩል ቆፍሮ፣ በእኩል ያስተዛዘነ ሰው፣ ተራው ደርሶ ራሱ ሲያዝን በሃይማኖቱ ከተሳቀበት እድሩ ምኑን ረዳው?

ምን ይባላል መሰላችሁ። ፕሮቴስታንቱ በመዝሙር ሲቀብር፣ «ለቅሶ ነው ወይስ ሰርግ?» ይባላል። ሙስሊሙ ሬሳ አናሳድርም ብሎ ሲፋጠን፣ «ምን አስቸኮላቸው?» ይባላል። ኦርቶዶክሱ አርባና ተዝካር ሲያወጣ፣ «ለሞተ ሰው ድግስ ምን ይፈይድለታል?» የሚል ከጥግ ይሰማል። ተማርኩ የሚለው ልጅ ደግሞ ንፍሮውን እየዘገነ፣ «በዚህ ዘመን ይህን የሚያምን አለ?» ይላል። እንግዲህ ዘባቹ ከአንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ ሁሉም በየተራው ይወጋል፣ በየተራውም ይወጋል። ይህ ሁሉ በሌላ ቀን ቢነገር ምናልባት ተረስቶ ያልፍ ይሆናል። ያዘነ ሰው ግን ልቡ ክፍት ነው፤ በዚያን ቀን የገባበት ቃል አይወጣም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል እኮ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ክርክር ሌላ ነው፤ ዘበት ሌላ ነው። ጎንደር የጉባኤ ቤት አገር ነው። በመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ሊቃውንቱ በሁለት መንገድ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ክርክር ያለበት ሰው የሌላውን ቃል ይሰማል፤ ምክንያት ያቀርባል፤ መልስ ይጠብቃል። ዘባች ግን መልስ አይፈልግም። የሚፈልገው ሳቅ ነው፤ ሳቁም የሌላው አንገት መድፋት ነው። ስለዚህ ማንም «እምነቴን እንዳልናገር ልትከለክሉኝ ነው» ብሎ አይስጋ። የምንጠይቀው አፍ እንዲዘጋ ሳይሆን አፍ እንዲታረም ነው።

ከተማችን የንቀትን ዋጋ ከመቆርቆሯ በፊት ጀምራ ታውቃለች ማለት ይቻላል። ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ። በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ካህናቱ እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ ሕዝቡም እንደ አዲስ እንዲጠመቅ አደረገ። ይህ ለሕዝቡ ምን ማለት ነበር? «እስከ ዛሬ የተጠመቃችሁት ጥምቀት ከንቱ፣ አባቶቻችሁም ያልተጠመቁ» ማለት ነበር። ሰው ክርክርን ይችላል፤ አባቱ በመቃብር ሲናቅበት ግን አይችልም። አገሩ እርስ በርሱ ተዋጋ፤ በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ለልጃቸው ለፋሲል ዙፋኑን ለቀቁ። ፋሲልም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎንደርን መናገሻ አደረጉ።

ታዲያ ከዚያ ወዲያ ተማርን? አልተማርንም። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ ለብቻው እንዲሰፍር ተደረገ። ራሳቸው ኦርቶዶክሶቹም ቅባት፣ ጸጋ፣ ካራ እየተባባሉ ተለያዩ። «ካራ» የሚለውን እንኳ ተመልከቱት፤ ቢላዋ ማለት ነው፤ ሌላው ያወጣላቸው የማንቋሸሻ ስም ነው። ነገሩ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስኪቆረጥ ድረስ አንድ ታቦት የሚሳለሙ ሰዎች በስድብ ስም ሲጠራሩ ኖሩ።

ከሁሉ የባሰውን የቀመሱት ግን ቤተ እስራኤል ናቸው። ወለቃ ከዚህ በእግር የሚደረስ ነው፤ አምቦበርም ሩቅ አይደለም። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ ነበር፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ደጋው ገበሬ በእነሱ ማረሻ አረሰ፤ የቤት እመቤቲቱ በእነሱ ምጣድ ጋገረች፤ በእነሱ ጀበና አፈላች። ታዲያ ያንኑ ማረሻ የገዛው ሰው ሠሪውን «ቡዳ» ይለው ነበር፤ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይዞራል ይለው ነበር። በሕጋቸው መሠረት ከሌላ ሰው ጋር ከተነካኩ ታጥበው ስለሚገቡ «አትንኩኝ» የሚል ስም ወጣላቸው። ንጽሕናን መጠበቃቸው ሃይማኖታቸው ነበር፤ ለእኛ ግን መሳቂያ ሆነ። ስግድን ሊያከብሩ እየጾሙ ተራራ ሲወጡ፣ መጽሐፋቸውን ተሸክመው ስለ ኢየሩሳሌም ሲያለቅሱ፣ ከእኛ ጸሎት ጋር የሚመሳሰለውን ያህል አላየንላቸውም።

ከዚያስ? በ1977 ዓ.ም. ብዙዎቹ በሱዳን በኩል ወጡ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ በሁለት ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ተወሰዱ። የሄዱበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የኢየሩሳሌም ናፍቆት አለ፣ ጦርነትና ረሃብም አለ። ይሁን እንጂ ጎረቤቱ ሲሄድ ከልቡ «አትሂድብን» ያለ ስንት ሰው ነበር? በዚያም አገር ነገሩ አልቀረላቸውም። ሃይማኖታቸው ተጠርጥሮ የአገሩ የሃይማኖት መሪዎች በውሃ ተነክራችሁ ተረጋገጡ ስላሏቸው፣ በ1978 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኢየሩሳሌም ከመሪዎቹ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው አቤቱታ አሰሙ። በዚህ «አይሁድ» ተብለው ተሰደቡ፤ በዚያ «አይሁድ መሆናችሁ በምን ይታወቃል» ተባሉ። ይህን ሰምቶ ልቡ የማይነካ ሰው ካለ እሱን አንፈልገውም።

ሌሎቻችን የቀመስነው ደግሞ በደርግ ጊዜ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የ1966ቱ ለውጥ ለአንዳንዱ ወገን በጎ ነገር ይዞ መጥቷል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች «በኢትዮጵያ የምንኖር ሳንሆን ኢትዮጵያውያን ነን» ብለው በሰላማዊ ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል። በኋላም የሙስሊም በዓላት እንደ ሌሎቹ ሁሉ በመንግሥት ደረጃ መከበር ጀመሩ። ይህ መልካም ነበር። ግን ወዲያው የሁላችንም እምነት በአንድነት መዘባበቻ ሆነ። ቄሱ «አድኃሪ»፣ ሼሁም «አድኃሪ»፣ ፓስተሩ ደግሞ «የባዕድ ቅጥረኛ» ተባሉ። በውይይት ክበቡ ሃይማኖት ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር እየተመሳሰለ ይነበብ ነበር። በብዙ ቦታ የቀበሌው ስብሰባ ሆን ተብሎ በእሑድ ጧት፣ በቅዳሴ ሰዓት ይጠራ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። ልጁን በድብቅ ያስጠመቀ ካድሬ፣ ማተቡን በሸሚዙ ሥር የደበቀ የመንግሥት ሠራተኛ ጥቂት አልነበረም።

ዘበት ግን በዘበት አይቆምም። መጀመሪያ ሰውየው ይሳቅበታል፤ ቀጥሎ ማንም የማያዝንለት ይሆናል፤ ከዚያ የፈለጉትን ያደርጉበታል። ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወረዱ፤ ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. በስውር ተገደሉ። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተይዘው ተገደሉ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በሃይማኖት አንድ አልነበሩም። አንድ ያደረጋቸው ነገር ቢኖር፣ ሁለቱም ያለ ድንኳን፣ ያለ ለቃሽ፣ ያለ ቀባሪ አፈር መልበሳቸው ነው። አስከሬናቸው ተፈልጎ ተገኝቶ በክብር ያረፈው ከ12 ዓመታት በላይ ቆይቶ በ1984 ዓ.ም. ነው። የእድር ሰው ይህን ሲሰማ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አያስረዳውም። አንድ ሰው በጎረቤቱ እጅ እንዲቀበር ነው እኮ እድር የቆመው።

ይህ ሁሉ አለፈ፣ ዛሬ ሌላ ቀን ነው እንዳንል ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. አለ። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በሚጎራበቱበት መካነ መቃብር፣ እዚሁ በከተማችን፣ የአንድ ሙስሊም አባት ቀብር ላይ ጠብ ተነሣ። ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ፤ ንብረት ወደመ። በቀናት ውስጥ ደግሞ በስልጤ፣ በወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ያንን ያመጣው ቀልድ ነው አንልም፤ ጉዳዩ የራሱ ምክንያት አለው። የምንለው አንድ ነገር ነው። በየቤቱ ሲናቅና ሲዘበትበት የኖረ ሕዝብ መካከል ድንጋይ ለማንሣት ጊዜ አይፈጅም። ሲከባበር በኖረ መካከል ግን የሚገላግል ሽማግሌ ቃሉ ይሰማል። ቀብር ላይ ሰው ሲሞት ማየት ለቀባሪ ማኅበር ከሁሉ የከበደ ነገር ነው።

«ታዲያ ጨዋታ ሊቀርብን ነው ወይ?» ትሉ ይሆናል። ጎንደሬ ያለ ጨዋታ አይኖርም፤ ይህን እናውቃለን። ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤታሞች ስለ ጾምና ስለ ሥጋ እየተቃለዱ ሲስቁ ማየት ደስ ይላል። መለያው ቀላል ነው። የተቀለደበት ሰው አብሮ ይስቃል ወይ? መልሶ መቀለድስ ይችላል ወይ? ሁለቱንም ከቻለ ጨዋታ ነው። አንገቱን ደፍቶ ዝም ካለ ግን ለሳቂው ጨዋታ፣ ለእሱ ቁስል ነው። ያዘነ ሰው ደግሞ መሳቅም መመለስም አይችልም፤ ስለዚህ በድንኳን ውስጥ በሃይማኖት የሚቀለድ ጨዋታ የለም።

እንግዲህ ለጉባኤው የምናቀርበው አሳብ አራት ነው።

1ኛ. በለቅሶ ቤትና በቀብር ቦታ የማንንም ሃይማኖት የዘበተ አባል፣ መጀመሪያ በዳኛው ለብቻው ተጠርቶ ይመከር። ከደገመው በመተዳደሪያ ደንባችን እንደማንኛውም ጥፋት ይቀጣ።

2ኛ. ሰው ሁሉ ራሱን በሚጠራበት ስም ይጠራ። ሙስሊሙ ሙስሊም ነኝ ካለ ሙስሊም ነው። ፕሮቴስታንቱን «ጸረ ማርያም» ማለት፣ ባለ እጁንና ሸክላ ሠሪውን «ቡዳ» ማለት ከአፋችን ይውጣ።

3ኛ. ድንኳን ከመተከሉ በፊት ቤተሰቡ ይጠየቅ። ማን ያርዳል? ምን ይበስላል? ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው? ሥርዓቱ የሟቹና የቤተሰቡ እንጂ የእድሩ አይደለም። ጸሎቱ የእርሱ ያልሆነ አባል ራቅ ብሎ በአክብሮት ይቁም፤ አፈሩን ለመመለስ ግን ሁላችንም እንቅረብ።

4ኛ. ልጆቻችንን እናስተምር። ልጅ የሚሳደበው ቤት የሰማውን ነው፤ እሱን በአደባባይ ከመቅጣት በቤታችን የምንናገረውን መጠበቅ ይቀላል።

ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው ሲባል ኖሯል። እኛ ደግሞ አንድ እንጨምርበት፤ ቀብርም የጋራ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው በደህናው ቀን ቡና ስለሚጠራራ ብቻ አይደለም፤ የመጨረሻውን አፈር የሚመልሰው እሱ ስለሆነ ነው። ነገ አፈር የሚመልስልንን ሰው ዛሬ አናዋርደው።

ፈጣሪ የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ ያዘኑትን ያጽናና፤ የዓመት ሰው ይበለን።