ወንፈል ይመለሳል



በታክሲዬ የማመላልሳቸው፣ ጎጃም ቆላ ያደጉ አንድ አባት አሉ። መንገዱ ሁሉ የልጅነት ወሬ ነው፦ ጥጃ ማገድ፣ ማሽላ ሲያሸት ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ መጠበቅ።

በዩኒቨርሲቲ ስለ ገበሬው ብዙ ተከራክረናል፤ ወንፈልን ግን በደንብ የተረዳሁት ከእሳቸው ነው። ደቦ የጠራ አብልቶ አጠጥቶ ያሰናብታል፤ ወንፈል ግን ብድር ነው፦ ዛሬ የእኔን ማሳ ካረምክ ነገ የአንተን አርማለሁ።

የሰፈራችን የለ ሊኞን ትልቁ ሕንፃ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። እኚህ አባት እዚያ ውስጥ ሳምንት ታመው ሲተኙ በራቸውን ያንኳኳ አልነበረም።

ሐሳቤ አጭር ነው፦ ተራ አውጥተን፣ ልጆቻችንንም ይዘን አረጋውያንን እንጠይቅ። እርጅና ለእኛም ይመጣል፤ ወንፈሉ ያኔ ይመለሳል።