የጌጅ አመራረጥና የአየር ክብደት

በዛሬው ክፍለ ጊዜ ስለ ፍሰት መለኪያዎች ለመናገር ተሰናድቼ ነበር፤ ዳሩ ግን የሰኔ በጀት ሳይዘጋ ዕቃ ይገዛ እየተባለ በየፋብሪካው ጥድፊያ በሚበዛበት በዚህ ሰሞን፣ ከግዥ ክፍሎችና ከቦይለር ሠራተኞች የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኛዎቹ ስለ ግፊት ጌጅ ስለ ሆኑ፣ ነገሬን ከዚያ ለመጀመር ተገድጃለሁ።

አንድ አድማጭ፣ «ቦይለራችን የሚሠራው በ6 ባር ነው፤ ለጥንቃቄ ሲባል እስከ 100 ባር የሚያሳይ ጌጅ ብንገዛ አይሻልምን?» ሲሉ ጠይቀዋል። አይሻልም። ከዚህ ቀደምም ተናግሬዋለሁ፣ አሁንም እደግመዋለሁ፤ የጌጅ የስሕተት ወሰን የሚሰላው መርፌው ካረፈበት ቁጥር ሳይሆን ከሰሌዳው የመጨረሻ ቁጥር ነውና፣ የትክክለኛነት ደረጃው 1.6 የሆነ ባለ 100 ባር ጌጅ 1.6 ባር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢስት እንደ ደንቡ ጤነኛ ነው፤ እርሱ 6 ሲል እውነተኛው ግፊት 7.6 ሊሆን ይችላል። በዚያው ደረጃ የተሠራ ባለ 10 ባር ጌጅ ግን የሚፈቀድለት ስሕተት 0.16 ባር ብቻ ነው። የዘወትሩ ግፊት ከሰሌዳው መንፈቅ እስከ ሁለት ሲሶ ባለው ውስጥ የሚውልበትን መምረጥ ይበቃል፤ ከዚያ አልፎ ትልቅ ቁጥር የሚያሳድድ ሰው፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ በገንዘቡ ዕውርነት ሸምቷል።

እንዲህ ያለውን ጌጅ በአንድ ፋብሪካ አይቼዋለሁ፤ ግፊቱ አንድ ባር ሲጨምር መርፌው ከራሱ ውፍረት እምብዛም ስለማይርቅ፣ ሽማግሌው የቦይለር ሠራተኛ በመስተዋቱ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ሰረዝ አስምረውበታል። «ጋሼ፣ በዚህ ይተማመናሉ?» ብላቸው፣ «ኧረ ልጄ፣ እኔ የማዳምጠው ድምፁን ነው፤ ይኼማ ለጌጥ የተሰቀለ ነው» አሉኝ።

ሌላው ጥያቄ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሳበው ነው። ቧንቧው ተከፍቶ መርፌው ዜሮ ላይ ሲያርፍ በውስጡ ግፊት የለም ማለት ነውን? አለ እንጂ! ፈረንሳዊው ዩጂን ቡርዶን በ1849 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው ጌጅ በሆዱ የታጠፈ ጠፍጣፋ ቱቦ የያዘ፣ ግፊት ሲገባበትም ቱቦው ሊቃና ሲታገል መርፌውን የሚያዞር ነው፤ ነገር ግን አየሩ ቱቦውን ከውጭ ስለሚጫነው፣ የሚያሳየን የውስጡንና የውጩን ልዩነት ብቻ ነው። አየርም ክብደት እንዳለው የጋሊሊዮ ደቀ መዝሙር ቶሪቼሊ በ17ኛው መቶ ዓመት፣ በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ 76 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ በቆመ ባዜቃ አስረድቷል። በባሕር ጠረፍ 1.01 ባር የሚሆነው ይህ ክብደት በአዲስ አበባ ከፍታ ወደ 0.77 ባር ግድም ዝቅ ስለሚል፣ በጠረፍ በስሌት 10 ሜትር ውሃ ሊስብ የሚገባው ፓምፕ እዚህ 8 ሜትር እንኳ አይሞላለትም፤ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ነጋዴው አታለለን እያሉ ፓምፕ የሚመልሱ ሰዎች፣ ሳያውቁት፣ የሚካሰሱት ከአየሩ ጋር ነው። ስለዚህ ጌጅ ስታዝዙ፣ ዜሮው ከአካባቢው አየር ወይስ ከፍጹም ባዶነት እንደሚቆጠር በጽሑፍ አስታውቁ።

የዝግጅቱ ኃላፊ ሰዓቱን እያመለከቱኝ ነውና ልፍጠን። ለእንፋሎት፣ የቀዘቀዘ ውሃ የሚያቁር ጠምዛዛ ቱቦ ከጌጁ በፊት ይግባ፤ ለአሞኒያ ናስ ፈጽሞ አይሆንም፣ የማይዝግ ብረት ይሁን፤ ንዝረት ባለበት ግሊሰሪን የተሞላ ይመረጣል።

የፍሰት መለኪያንም በቧንቧው ስፋት አትግዙ፤ በሰዓት የሚያልፈውን ትንሹንና ትልቁን መጠን ለሻጩ ስጡት። ከዘይት ፋብሪካ የጠየቁን እመቤት፣ የማግኔቱ መለኪያ ርካሽ ሆኖ ቢያገኙትም ይተዉት፤ የሚለካው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፈሳሽ ብቻ ነውና፣ ለዘይት የሚታመን ቁጥር አይሰጥዎትም። ባለ ጥርሱን ይጠይቁ፤ ከፊቱም ማጣሪያ መግጠም እንዳይረሱ።