ሻንጣውን ለምን ተወው?



በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ድራይቭ» ፊልም ያየ ያስታውሰዋል። ሾፌሩ ሆዱን ተወግቶ፣ ሚሊዮን ዶላር የያዘውን ሻንጣ ሬሳው አጠገብ ትቶ መኪናውን ያስነሳል። «አይ ሞኝ!» የሚል አይጠፋም። እኔ እንደገባኝ ግን ብሩን ቢወስድ ለጎረቤቱና ለልጇ ብሎ የገባበት ጣጣ ሁሉ ተራ ዘረፋ ሆኖ ይቀር ነበር።

እዚህ ቦሌ፣ በየሕንጻው ሥር ኤቲኤም በተደረደረበት ሰፈር ሆኜ ስናገር መጋቢት 2016 ዓ.ም. ትዝ ይለኛል። የንግድ ባንክ ሲስተም በተበላሸበት ሌሊት ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ፤ ከተሰለፉት ብዙዎቹ የካምፓስ ልጆች ነበሩ፣ ያው እንደ እኛ። ባንኩ በኋላ ያልመለሱትን ስም ከነፎቷቸው ለጠፈ። አብዛኛው ገንዘብ ተመልሷል። እኔን የሚገርሙኝ ግን ስም ሳይለጠፍ በፊት ይዘው የመጡት ናቸው። ሾፌሩንም እኮ ያየው ሰው አልነበረም።